ምዕራፍ አምስት የማን ነው?

የሒሳብ መምህሯ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ ሰክታ እንደቆመች የሰማችው ነገር ቀኗን ገና ከጠዋቱ አበላሸባት። ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ማዶ የባሏ አባት ልጇን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ እየፈተኑ ነበር። ሽማግሌው አርባ ዓመት በግንበኝነት ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚገነቡት ስላጡ ልጅቷን ይዘዋታል፤ ቁርስ ሳትቀምስ አንድ ጥያቄ፣ ቦርሳዋን ሳታነግት ሌላ ጥያቄ። የዛሬው ስለ ልስን ነው። አንድ ባልዲ ሲሚንቶ በሦስት ባልዲ አሸዋ ቢቦካ፣ ከጠቅላላው ቡኮ ሲሚንቶው ስንተኛው እጅ ነው? ልጅቷ በጣቷ ቆጥራ «ሲሶው» አለች። ሽማግሌው ሳቅ ብለው፣ እንዲህ ሲሚንቶ የምታበዛ ከሆነ ያሠራት ሰው ሁሉ ቤቱን ሳይጨርስ እንደሚደኸይ ነገሯት። ልጅቷ አልሳቀችም። «አልተማርነውማ አባባ። ምዕራፍ አምስት ነው።»

«ሁለት አስተማሪ ፊታችሁ ተገትሮ?»

«እማዬን ስንጠይቃት በሳይንስ ትማሩታላችሁ አለችን። አክስቴን ስንጠይቃት በሒሳብ ትማሩታላችሁ አለችን። ሰኞ ደግሞ ፈተና ነው።»

«ታዲያ አትናገሩም?»

«ለማን?»

ሽማግሌው «እንግዲያ ከሁለት ያጣ ጎመን አድርገዋችኋላ» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉት፤ ግድግዳውን የገነቡት ራሳቸው ስለሆኑ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያውቃሉ።

የልጅቷ «ለማን?» ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የሳይንስ መምህሯ የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከፊት ለፊት ባለው ቤት ነው። አምስት ወር ሆነ፣ ሁለቱ ሴቶች አይነጋገሩም። በነዚህ አምስት ወራት የአክስት ስም ገበታ ላይ ከተነሳ እናት ማንኪያዋን ታስቀምጣለች፣ አባት ስልኩ ላይ አንገቱን ይቀብራል፣ ምግቡም ይቀዘቅዛል። ልጅም ብትሆን ምግብ ሲቀዘቅዝ ታያለች፤ ስለዚህ አታነሳም። የጠቡን ምክንያት ለሰው መንገር ራሱ ያሳፍራል። አንድ እሑድ የሳይንስ መምህሯ የታጠበ ብርድ ልብስ በግቢው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አስጥታ ወደ ገበያ ወጣች። የሒሳብ መምህሯ የምታሰጣው አንሶላ ነበራትና ብርድ ልብሱን ወደ ጫፍ ገፋ አደረገችው። ገፋ ሲደረግ ወደቀ፤ የወደቀው ደግሞ ጭቃ ላይ ነው። የብርድ ልብሱ ባለቤት ስትመለስ «ብትጠይቂኝ ምላስሽ ይቆረጣል?» አለች። የሒሳብ መምህሯም ያቺ ከገበያ መልስ የደከማት ሰው መሆኗን ሳታስብ የማይባል ነገር መለሰች። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሁለተኛ ገመድ ተወጠረ፣ ከመጀመሪያው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሁሉ የዚያን ግቢ ጠብ ሊለካ ሲፈልግ በአጥር አሻግሮ ገመዶቹን ያያል።

ይህ ሁሉ የቤት ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ዘንድሮ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጣና የሰባተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ በጥምር ይሰጥ ተባለ፤ ሁለት አስተማሪ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ የእቅድ ደብተር። ዳይሬክተሩ ማንን ከማን ያጣምር? «እናንተማ ዘመዳሞች ናችሁ፣ በዓይን ትግባባላችሁ» ብሎ ሁለቱን አጣመራቸው። ያኔ ይግባቡ ነበር፤ ብርድ ልብሱ የወደቀው ከወር በኋላ ነው። መጣላታቸውንም ለዳይሬክተሩ የነገረው የለም። ይህ ሰው በትምህርት ቤቱ «ባለ ቅጹ» ነው የሚባለው፤ ቅጽ ያልተሞላበት ነገር እርሱ ዘንድ አልተፈጠረም፣ ለኩርፊያ ደግሞ ቅጽ የለውም። ስለዚህ አምስት ወር ሙሉ ሁለቱ መምህራን አርባ ስድስት ተማሪ ፊት ቆመው በተማሪ በኩል ተነጋገሩ። «ቲቸር ሰሌዳውን ታጥፋልን በሏት።» «ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ ነው በሏት።» አንዷ ስታስተምር ሌላዋ ኋላ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። የቀረው ሁሉ በእቅድ ደብተሩ ውስጥ ያልቃል፤ አንዷ ጽፋ ትፈርማለች፣ ሌላዋ ጽፋ ትፈርማለች። ጭቅጭቅ ስላልነበረ ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ በምሳሌነት ጠቅሷቸዋል።

የሒሳብ መምህሯ አፏን በቅጡ ሳትጉመጠመጥ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ስትገባ የባሏ እህት እንደ ወትሮው ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣለች፤ እርሷም እንደ ወትሮው መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ታሪፉ ስምንት ብር ነው፣ ባለፈው ወር ስድስት ነበር። ረዳቱ ሁለቱን ለዓመታት ያውቃቸዋል። ቀድሞ «እኔ ልክፈል፣ ሞቼ ነው» እየተባባሉ እጁን በሁለት በኩል ሲጎትቱት የሚሳቅበት ሰው ነበር። አሁን ከፊት ስምንት፣ ከኋላ ስምንት ይቀበላል። በዚህ ደስ እንዳላለው ከአቀባበሉ ያስታውቃል። የሒሳብ መምህሯ መንገዱን ሙሉ የባሏን እህት ማጅራት እያየች ስትብሰለሰል ሄደች። ሳይንስ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ሳይንስ ከሆነ ታስተምር እንጂ፤ የሰው ልጅ አርባ ስድስት ልጅ አስቀምጦ እንዴት በኩርፊያ አንድ ምዕራፍ ይዘላል? ዛሬ ደብተሩን ገልጣ ለባለ ቅጹ ታሳየዋለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጽሑፍ ይናገር።

ጽሑፉ ተናገረ። በመምህራን ማረፊያው ውስጥ፣ እግሩ የሚወላገደው ጠረጴዛ ላይ፣ ደብተሩን ገለጠች። ምዕራፍ አምስት በሒሳቡ መጽሐፍ «ምጥጥን» ይባላል፣ በሳይንሱ «ድብልቅ»፤ አዲሱ ሥርዓት አንድ አድርጎ ለሁለቱም ሰጥቶታል። በረድፉ ላይ «በሳይንስ ይሰጣል» የሚል አለ፤ ከበታቹ «በሒሳብ ይሰጣል» የሚል አለ። ሁለቱም ላይ ፊርማ፣ ዳር ላይ ሁለት የእርማት ምልክት። የላይኛው የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ቀኑን አየችው፤ ከዚያች እሑድ በኋላ ያለው ሰኞ። ያን ጠዋት በንዴት ብዕሩን እንዴት ወረቀቱ ላይ እንደተጫነችው፣ «ሁሉን የምታውቅ እሷ አይደለች፣ እሷው ታስተምረው» እንዳለች ትዝ አላት። ሌላዋ በማግስቱ መልሱን ከበታች አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ረድፉን አንብበውት አያውቁም፤ የራሳቸውን ፊርማ ሲያዩ ምልክት ያደርጋሉ፣ አለቀ። በአእምሮዋ ለአንድ አፍታ ያለፈ ሐሳብ ነበር፤ ቀኑን በእስክሪብቶ ትንሽ ነካ አድርጋ ሌላዋን ቀዳሚ ብታስመስላት ማን ያውቃል? ደብተሩን ዘጋችው። እንዲህ ያለ ሐሳብ እስኪመጣላት ድረስ መድረሷ ከነገሩ ሁሉ ይልቅ አናደዳት።

ባለ ቅጹ አንገቷን ከደብተሩ ቀና ሳታደርግ ደረሰ። እጁ ላይ የምዕራፍ ማጠናቀቂያ ቅጽ ይዟል፤ እስከ አሥር ሰዓት ተፈርሞ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መሄድ አለበት። ቅጹ ከየምዕራፉ ፊት «ተጠናቋል» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ አለው፤ «አልተጠናቀቀም» የሚል ሣጥን አልተሠራለትም። ምዕራፍ አምስት አልተሰጠም አለችው። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የሚመጣበት ወረቀት እንጂ ከታች የሚመጣበት ልጅ ብዙም አይታየውም። ከአርባው ጥያቄ አሥራ ሁለቱ ከምዕራፍ አምስት እንደሚወጣ ነገራት። ምልክቷን አድርጋ ብትፈርም ልጆቹ የወደቁት ባለማጥናታቸው ይሆናል። አልተሰጠም ብላ ከጻፈች ደግሞ ጥምረቱ እንዳልሠራ ይቆጠርና ከሁለት አንዳቸው ወደ ማዶው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ማዶው ትምህርት ቤት ሁለት ሚኒባስ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሃያ ደቂቃ አቧራ። ጽሕፈት ቤቱ ወደዚያ መምህር ላክ እያለ ከጨቀጨቀው ሁለት ወር ሆኖታል፤ በፈቃዱ እሄዳለሁ ያለ አልተገኘም። «ተነጋገሩና ንገሩኝ» ብሏት ወጣ። የዓለምን ቀላል ነገር ያዘዘ መስሎታል።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ነው። ስትገባ የባሏ እህት ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። የሒሳብ መምህሯ ወደ ኋላ ወንበሯ አልሄደችም። በሩ ላይ እንደቆመች «ምዕራፍ አምስትን የተማረ እጁን ያውጣ» አለች። አንድ እጅ አልወጣም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው የራሷ ልጅ ዴስኩ ላይ አቀርቅራለች። የሳይንስ መምህሯ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ።

«እትዬ፣ አላስተማርሽውም እንዴ?»

የሳይንስ መምህሯ ከልማዷ የተነሳ ወደ ተማሪዎቹ ዞራ «ንገሯት…» ብላ ጀመረች። ማንም የሚነግር ስላልነበረ አቆመችና ቀጥታ ወደ እርሷ አየች። አምስት ወር ሙሉ አይታት የማታውቅ ይመስል ዓይኗ ላይ ቆየች። «ያንቺ ነው እኮ» አለች። «ጽፈሽ ፈርመሻል ብዬ።»

«እኔም ጽፈሽ ፈርመሻል ብዬ።»

የሒሳብ መምህሯ ከዚህ በላይ ብትናገር የማታስተምረው ነገር እንደሚወጣት ስለገባት ጠመኔ አንስታ «1፡3» ብላ ጻፈች፤ ሲሚንቶ አንድ፣ አሸዋ ሦስት፣ ስለዚህ ሲሚንቶው የአሸዋው ሲሶ ነው አለች። የባሏ እህት ከጎኗ ሆና «የድብልቁ ግን ሩብ ነው» አለች። ሲሶ ነው። ሩብ ነው። «የአሸዋውን ነው ያልኩት።» «እኔ ደግሞ ባልዲው ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው ያልኩት፤ ግድግዳ የሚለሰነው በአሸዋው ብቻ ነው እንዴ?» ተማሪዎቹ አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ ሲያዞሩ፣ የሳይንስ መምህሯ ወጥታ አጥሩ ሲጠገን ከተረፈው ክምር በማስታጠቢያ አሸዋ፣ በጠርሙስ ክዳን ጠመኔ ፈጭታ ይዛ ተመለሰች። አንድ ክዳን ነጭ፣ ሦስት ክዳን አሸዋ። አንዷ ትሰፍራለች፣ አንዷ ትጽፋለች፣ ሁለቱም ይነታረካሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ኋላ የሚተኛው ረጅሙ ልጅ ሳይጠየቅ ተነሳና «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እኮ፤ አንዳችሁ ከጎረቤቱ ጋር ነው የምታወዳድሩት፣ አንዳችሁ ከቤተሰቡ ጋር» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ያረቀቁት ሰዎች ይህን ሰዓት ቢያዩት ፎቶ ያነሱት ነበር።

አንድ ሰዓት ግን ምዕራፍ አይጨርስም። ነገ ዓርብ አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን መጥራት ይቻላል፤ ይህን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ደወል ሲደወል መነጋገር ነበረባቸው። የሒሳብ መምህሯ አሸዋውን ከእጇ እያራገፈች «እትዬ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የባሏ እህት በዚያው ቅጽበት ቦርሳዋን ልታነሳ አጎነበሰች። ተማሪ ፊት የተነጋገሩት ሌላ፣ በባዶ ኮሪደር የሚነጋገሩት ሌላ ሆነባቸው። ቅጹ ላይ፣ ሣጥን በሌለበት ኅዳግ፣ የሒሳብ መምህሯ «ምዕራፍ አምስት ዛሬ ተጀመረ፤ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም» ብላ ጽፋ ፈረመች። ከሰዓት በኋላ ስታየው ከበታቹ የባሏ እህት ፊርማ አለ፤ ሌላ ቃል የለም። ይህች ሴት አምሳ ልትደፍን ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ማዶ ቢልኳት ያን አቧራ እንዴት ትችለዋለች? መጀመሪያ የጻፍኩትስ እኔ አይደለሁ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሒሳብ መምህሯ ማንንም ሳታማክር ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባችና ማዶ የምሄደው እኔ ነኝ አለች። ባለ ቅጹ ቀና ብሎ «አንቺም?» አለ። ከዚያ ፊቱ ፈካ፣ የፈቃደኝነት ቅጽ ከመሳቢያው አውጥቶ እንዳይረሳ የፈራ ሰው በሚመስል ፍጥነት ሞላው፤ ከነገ ጀምሮ ብሎ አስፈረማት። «አንቺም?» ያለውን ሰምታዋለች። ግን እስክሪብቶውን ይዛ ስለነበር አልመረመረችውም። እትዬ ትቀራለች፣ ልጆቹን ትጨርስላቸዋለች ብላ ወጣች።

ወደ ቤት በሚሄደው ሚኒባስ ከፊት የባሏ እህት፣ ከኋላ እርሷ። ረዳቱ ሲደርስ አሥራ ስድስት አውጥታ በአገጯ ወደ ፊት አመለከተች፤ የእሷንም ውሰድ ማለቷ ነው። ረዳቱ ብሩን ይዞ ቀረ።

«ላንቺ ተከፍሏል እኮ እናት። እሳቸውም ለሁለት ነው የሰጡኝ። የሁለት ሰው መንገድ በአራት ሰው ዋጋ ወስጄ የት ልግባ?»

ከመሃል አንድ ሰው «አንተ ያዘው፣ ዘመድ ሲታረቅ ድግሱ የረዳት ነው» አለና ተሳቀ። የሒሳብ መምህሯ ተነስታ እየተደናቀፈች ከሾፌሩ ጀርባ ሄዳ ተቀመጠች። ምን ሆነሽ ከፈልሽልኝ አለቻት። የባሏ እህት መስኮቱን እያየች፣ በዚህ መስመር የመጨረሻዬ ስለሆነ ነው፣ ከነገ ጀምሮ በማዶ ነኝ አለች።

«ማን? የምሄደው እኮ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈርሜያለሁ።»

«እኔ በምሳ ሰዓት ፈርሜያለሁ።»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። አምስት ወር «ያንቺ ነው» ተባብለው ልጆቹን ባዶ አስቀሩ፤ ዛሬ ደግሞ «የኔ ነው» ብለው፣ ያውም ሳይነጋገሩ፣ ያውም በፍቅር፣ ያንኑ አደረጉት። ባለ ቅጹ አንድ መምህር ለምኖ ሁለት አገኘ። ነገ አርባ ስድስቱ ልጆች ፊት የሚቆም የለም፤ ምዕራፍ አምስት ሩብ ላይ ነው ወይም ሲሶ ላይ፣ እንዳየው ሰው።

«ምን ነካሽ ሙሽሪት? ብትጠይቂኝ ምላስሽ ይቆረጣል?»

ሙሽሪት ብላ አሥራ አራት ዓመት ስትጠራት ኖራለች፤ ካለፉት አምስት ወራት በቀር። የሒሳብ መምህሯ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። «አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?» አለችና ሁለቱም በአንድ አፍ «ወራጅ አለ» አሉ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሦስት ፌርማታ በእግር ተመለሱ። ከሥራ የሚወጣው ሰው ሁሉ ወደዚህ ሲጎርፍ እነሱ ወደዚያ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ፣ አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ እየጀመረች። ብርድ ልብሱ ወጣ። አንሶላው ወጣ። ማን በማን እናት ለቅሶ ላይ ዘግይቶ እንደመጣ ሳይቀር ወጣ፣ እሱ እንኳ የሰባት ዓመት ነገር ነው። ባለ ቅጹን ቦርሳውን በብብቱ ይዞ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ ያዙት፤ ሁለቱም የፈቃደኝነት ቅጾች ቦርሳው ውስጥ ናቸው። እኩል ተናገሩበት። አንድ በአንድ ተናገሩ ብሎ ለመናቸው።

«አንድ በአንድማ አይሆንም» አለች የሳይንስ መምህሯ። «እርስዎ አይደሉ ያጣመሩን?»

ሰውየው በምሳሌነት የጠቀሳቸውን ሁለት ዝምተኞች በናፍቆት ያስታወሰ መሰለ። በመጨረሻ የሰጠው ይህን ብቻ ነው፤ ቅጾቹ እስከ ሰኞ ማታ መሳቢያው ውስጥ ይቆያሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ይከፈትላቸዋል። ከሁለት አንዳቸው መሄዳቸው ግን አይቀርም፤ ኅዳጉ ላይ ጽፈው ፈርመውበታል። ሰኞ ማታ አንድ ስም ይዘው ይምጡ፣ አንድ፣ ሁለት አይደለም።

ቤት ሲደርሱ መሽቶ ነበር። የሒሳብ መምህሯ መታጠቢያው ጋ ቆማ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን አሸዋ እያጠበች ነው፤ የባሏ እህት ደግሞ ከአምስት ወር በኋላ የዚያን ቤት ደፍ አልፋ፣ በሩን ተደግፋ፣ የሚያመው ጉልበት የኔ ነው፣ ልጅ ያለሽ ግን አንቺ ነሽ፣ እኔ ነኝ የምሄደው ትላለች። ይችኛዋም እየታጠበች አትሄጂም ትላለች። ከስሱ ግድግዳ ማዶ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«ታረቁ እንዴ አባባ?»

«ኧረ ምን ታረቁ» አሉ ሽማግሌው። «ገና አሁን መጣላታቸው ነው። በይ ገበታው ጋ ወንበር ጨምሪ።»